በጽድቅ የተከሰሰው አጥቢያ

በእኛ አገር ሹመት የሚፈልግ ሰው ከስብሰባ መቅረት አለበት። ስብሰባ የመጣው ሁሉ ተራ በተራ እየተነሣ «እኔ ጉልበቴን ያመኛል»፣ «እኔ ዓይኔ ደክሟል»፣ «እኔ በጎቼን የሚያይልኝ የለም» እያለ ራሱን ያስወጣል። ያልመጣው ሰው ግን ማመካኛ የሚያቀርብበት ዕድል ስለሌለው በሙሉ ድምፅ ይመረጣል። እኔ የአጥቢያችን ሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ የሆንኩት እንዲህ ነው። የዚያን ዕለት ዘመሮ ከተማ ሄጄ ስልኬን ሳሠራ ዋልኩ። ስመለስ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «እንኳን ደስ ያለህ» ሲለኝ፣ ስልኬ በመሠራቱ መስሎኝ «እንኳን አብሮ ደስ ያለን» እያልኩ ቤቴ ገባሁ። ሹመቴን የነገረችኝ ሚስቴ የሺ ናት፤ ያውም ሳቋን መጨረስ አቅቷት።

ሥራው ከባድ አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሲያፈስ ሰው መቀስቀስ፣ የግቢው ካብ ሲፈርስ መነጫነጭ፣ ሊቀመንበሩ ጋሼ ወርቁ የሚሉትን ሁሉ «ልክ ነው» ማለት። እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኝ፤ መነጫነጭና ልክ ነው ማለት ደመወዝ የሚከፈለኝ ሙያ ነው።

አንድ ማክሰኞ ግን ጋሼ ወርቁ በርኖሳቸውን እንደተከናነቡ ክፍሌ ድረስ መጡ። ተማሪዎቹን ለዕረፍት አስወጣኋቸው። ጋሼ ወርቁ የልጅ ልጃቸውን የዳሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የአንደኛ ክፍል ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አገጫቸው ድረስ አጥፈው ተቀመጡ። 

«ሊገመግሙን ነው» አሉ።

«ማን ነው የሚገመግመን?»

«ወረዳ ቤተ ክህነት። እሑድ ሰው ይልካሉ። አጥቢያው ጤነኛ ነው ወይ፣ አድጓል ወይስ ቀጭጯል፣ አይቶ ይመለሳል አሉ።»

«ታዲያ ይየና። ምን አለበት?»

«ቀየት ያሉ አጥቢያዎች ካህን አንሷቸዋል። ደካማ ነው ከተባልን መምሬ ጥላዬን ይወስዷቸዋል።»

ይህን ሲሉኝ ጠመኔውን አስቀምጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። እኛም ያለን ልክ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ነው፤ አንዱ ጉንፋን ከያዘው እንኳን መንደሩ በሙሉ ያስላል። መምሬ ጥላዬ ከሄዱ ደወሉ ይደወላል እንጂ ቅዳሴው የለም። እሱ ብቻ አይደለም። መምሬ ጥላዬ የመንደሩ ሁሉ የንስሐ አባት ናቸው። ውርጭ በረገጠው መንገድ በየቤቱ እየዞሩ የሁላችንንም ኃጢአት ሰምተዋል፣ ቀኖና ሰጥተዋል፣ መስቀል አሳልመዋል፣ በማግስቱ ሲያገኙን ምንም እንዳልሰሙ ሆነው «ገብሱ እንዴት ነው?» ብለዋል። አዲስ ካህን መጣ ማለት እኮ፣ ሰዉ ሁሉ ከጉርምስናው ጀምሮ ያደረገውን እንደገና ለማያውቀው ሰው ሊናገር ነው። እኔ በበኩሌ ከዚያ ሁሉ አገር ብቀይር ይሻለኛል።

እንግዲህ ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ምክንያቱም ማሰብ ጀመርኩ።

እኛ አስተማሪዎች የግምገማን ነገር እናውቃለን። ትምህርት ቤት ሱፐርቪዥን ሲመጣ የመንገዱን ዳር ድንጋይ ኖራ እንቀባለን። ጎበዞቹን ከፊት፣ ሰነፎቹን ከኋላ እናስቀምጣለን። ዩኒፎርም ያልለበሰውን ልጅ ደግሞ ለዚያች ቀን ቤቱ ሆኖ እንዲያጠና በፍቅር እንመክራለን። ከሁሉ በላይ ግን ክፍሉ ሞልቶ መታየት አለበት። ስለዚህ ጋሼ ወርቁን፣ «በቅዳሴ ሰዓት ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የሚቆመው ሰው ብዙ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም መሬት መሬት ማየት ጀመሩ።

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የእኛ አገር ሰው ቤተ ክርስቲያን ይመጣል እንጂ አይገባም። ሌሊቱን ከትዳር ጓደኛው ጋር ያደረ፣ ጠዋት ውሃ የተጎነጨ፣ አፍንጫው የነሰረው፣ ከጎረቤቱ የተጣላ ሁሉ ራሱን ይመረምርና ውጭ፣ ከግቢው ጥዶች ሥር ይቆማል። ውስጥ የሚቆሙት ጥቂት መነኮሳይያትና ሕፃናት ናቸው። ግቢው ግን ነጭ በነጭ ይሆናል። ለምን ውጭ እንደቆመ ማንም ማንንም አይጠይቅም፤ ሁሉም ያውቃል። አገሩ ብርድ ነው። ጓሳ ከሚባለው የግጦሽ መሬታችን የሚመጣው ንፋስ ማታ ሲነሣ በር አያቆመውም። በየቤቱ ያለው ባና ደግሞ አንድ ነው፤ ባና የምለው ከበግ ጠጉር የሚሠራውን፣ ከሥሩ ለመውጣት ቆራጥነት የሚጠይቀውን ከባድ ብርድ ልብስ ነው። አንድ ባና፣ ሁለት ሰው፣ ረጅም ሌሊት። አስተማሪ ስለሆንኩ ከዚህ በላይ አላብራራም።

ጋሼ ወርቁ ራሳቸው በዚያ ዕድሜያቸው እሑድ እሑድ ከትልቁ ጥድ ሥር ጠፍተው አያውቁም። የመንደሩ ጎልማሳ ሁሉ በአድናቆት ነው የሚያያቸው። አንዳንዱማ ምን እንደሚበሉ ይጠይቃል።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «የሚመጣው ሰው የቢሮ ሰው ነው። ገብቶ ሲያይ ባዶ ከሆነ አለቀልን። ሰዉን እናስገባው።»

«ማንን?»

«ሁሉንም።»

ጋሼ ወርቁ ቀና ብለው አዩኝ። «ሁሉንም ስትል እኔንም ጨምረህ ነው?»

«እርስዎ ሊቀመንበር ነዎት እንጂ፣ ከፊት መቆም አለብዎት። ከሐሙስ ጀምሮ ሦስት ቀን ታግሶ ራሱን ንጹሕ ማድረግ ነው። ለመምሬ ጥላዬ ሲባል።»

ሽማግሌው የሆነ ነገር ሊሉኝ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። «እሺ» አሉና ወንበሩ አልለቅ ብሏቸው ሲታገሉ ደግፌ አስነሣኋቸው። መምሬ ጥላዬ እንዳይሰሙ ተስማማን፤ እሳቸው ለታይታ የሚደረግ ነገር ያማቸዋል።

ረቡዕ የዕድር ስብሰባ ሲያልቅ ጋሼ ወርቁ ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ ለመናገር ዕድሜ ብቻ አይበቃም፤ ችሎታም ይጠይቃል። «ከነገ ጀምሮ እስከ እሑድ» አሉ፣ «በአንድ ባና ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ይተኛ።»  ከኋላ አንዱ፣ «ሌላ ባና የሌለንስ?» አለ። ጋሼ ወርቁም «በግ የለህም? እዚያው በረት ተኛ» አሉት። ምክንያቱን ሲያስረዱ ግን የተቃወመ የለም። መምሬ ጥላዬን አሳልፎ የሚሰጥ ሰው በመካከላችን አልነበረም። እኔም የትምህርት ቤቱን ልምድ ጨምሬ፣ ችግር ያለባት ሴትም ሆነ መግባት የማይችል ማንኛውም ሰው ያቺን እሑድ ቤቱ ሆኖ እንዲጸልይ፣ ግቢው ውስጥም አንድም ሰው እንዳይታይ አሳሰብኩ። በዚህች ምክሬ ያን ዕለት እጅግ ኮርቼ ነበር።

ሐሙስ ሌሊት የመንዝ ብርድ ሥራውን ሠራ። የመንደሩ አባወራ ግማሹ በረት ውስጥ ከበጎቹ መሐል አደረ። ጠዋት ሲወጡ ፂማቸው ላይ ጠጉር ተጣብቆ፣ አንዱ ሌላውን ላለማየት ዞር ዞር እያሉ ነበር። እኔ ቤት የሺ ባናውን ጠቅልላ ወሰደችና ለእኔ አንድ ጋቢ ወረወረችልኝ። «የሺዬ፣ ቢያንስ ጫፉን» ብላት፣ «ጸሐፊው አንተ ነህ» አለችኝ። ዓርብ ክፍል ገብቼ ማባዛት ሳስተምር ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ አንዱን ቁጥር ሁለት ሦስት ጊዜ እደጋግመው ነበር። ተማሪዎቹም እንደሰሙት ጻፉት።

ዓርብ ከሰዓት ሽመልስ መጣ። ሽመልስ በጥር የተዳረ ሙሽራ ነው። በር ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ሲያሽከረክር ምን ሊል እንደሆነ ገባኝ።

«መምህር፣ እኔ እንኳ ትንሽ አስተያየት ቢደረግልኝ ብዬ ነው።»

«ለቤተ ክርስቲያን ነው፣ ሽመልስ።»

«እኔም የተጋባሁት በቤተ ክርስቲያን ነው።»

«ሦስት ሌሊት ነው።»

«ለእርስዎ ሦስት ነው» ብሎኝ ሄደ። ቅዳሜ ጠዋት ሰላምታ የሰጠኝ ሰው አልነበረም። የአንዳንዱ ሚስት ግን በደንብ እንቅልፍ ተኝታ ፊቷ በርቶ ወፍጮ ስትሄድ አየሁ፤ በሁሉም ቤት ያለው ስሜት አንድ ዓይነት እንዳልነበረ ልብ ይሏል።

ገምጋሚው ቅዳሜ ወደ ማታ በበቅሎ ደረሱ። መኪናው ያደረሳቸው መንገዱ እስካለበት ድረስ ነው። በማዕረጋቸው ሊቀ ትጉሃን ነበር የምንላቸው። ቀጭን፣ ረጋ ያሉ፣ ነገር የሚያደምጡ ሰው ናቸው። እኔ እንደ ሲኒማ ተዋናይ ኮስተር ያለ ቁጡ ሰው ጠብቄ ስለነበር ቅር አለኝ። እኔ ቤት እንዲያድሩ ሆነ። እራት ላይ ምኑን ምኑን እንደሚያዩ ለማውጣጣት ብሞክር፣ «ሳየው አውቀዋለሁ» ከማለት በቀር ምንም አልተነፈሱም። ብርዱ ደረታቸውን መትቷቸው ሌሊቱን ሲያስሉ አደሩ።

አሁን የምናገረውን በትዕግሥት አንብቡልኝ። ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ እንግዳዬን ሳይ ፊታቸው አመድ መስሏል። ሰው ቤቴ ገብቶ ታሞ ሊወጣ ነው። የሺ ቶሎ ብላ የገብስ አጥሚት አፈላች፣ ማር ጣል አደረገችበት። ሊቀ ትጉሃን «ኧረ ቅዳሴ አለብኝ» አሉ። «ምግብ እኮ አይደለም፣ መድኃኒት ነው» አልኳቸው። «ይቅርብኝ ልጄ» አሉ። በእኛ ቤት እንግዳ ይቅርብኝ ሲል ጠይቀኝ ማለት ነው። «በሞቴ» አልኳቸው። በሞቴ ከተባለ በኋላ እምቢ የሚል ሰው መንዝ ውስጥ አልተወለደም፤ እሳቸውም የዚሁ አገር ሰው ናቸው። ጽዋውን ተቀብለው ጨለጡት። ሳላቸው በረደ፣ ፊታቸውም ተመለሰ። እኔም ጥሩ አስተናጋጅ በመሆኔ ረክቼ ቀድሜያቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጥኩ። በራሴ እጅ ገምጋሚያችንን ውጭ የሚያስቆም ነገር እንዳጠጣኋቸው ለቅጽበት እንኳ አልታሰበኝም።

ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ አያውቅም ነበር፤ ያን ዕለት ግን ሞልቶ ፈሰሰ። ለዓመታት ውጭ የቆመ ሰው ውስጥ ሲገባ ግራ ይገባዋል። ሴቶቹ በወንዶች በር፣ ወንዶቹ በሴቶች በር ይገባሉ። አንዱ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አይቶ «ይቺ ደግሞ መቼ ተሣለች?» ሲል ሌላው «አንተ ሳትወለድ» ይለዋል። ስገዱ ሲባል የሚሰግድበት ቦታ ስላልነበረ ሁሉም በፊቱ ያለው ሰው ጀርባ ላይ አጎነበሰ። ዲያቆኑ ዞር ብሎ ሕዝቡን ሲያይ ደንግጦ የሚለው ጠፋው። መምሬ ጥላዬ ጽናውን ይዘው ሊያጥኑ ሲወጡ የሚያልፉበት አጡ። ከሰው ራስ በላይ አድርገው ሲያወዛውዙት የአንዲት ሴት ነጠላ ጫፍ ተለበለበ። መምሬ ዓይናቸውን ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ሲያዞሩ፣ ምንም ሳይናገሩ የተናገሩትን ያህል ገባኝ፤ እኔ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ትንሽ ቆም አሉ። ጋሼ ወርቁ ከፊት ቆመው አንገታቸውን ሰብረዋል። ሦስት ሌሊት ብርድ ሲበላው የቆየ ሰው ሙቀት ሲያገኝ ምን እንደሚሆን አላሰብኩም ነበርና፣ ወዲያው ከዓምዱ ሥር ማንኮራፋት ተሰማ።

እኔ ግን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። እየተንጠራራሁ ሊቀ ትጉሃንን ፈለግሁ። ከፊት የሉም። ከዓምዱ ጀርባም የሉም። ወንጌል ተነብቦ አለቀ። በዚህ ጊዜ ሽመልስ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ «መምህር፣ ሰውዬው ውጭ ናቸው» አለኝ።

በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ሊቀ ትጉሃን ብቻቸውን ከትልቁ ጥድ ሥር ቆመዋል። ነጠላቸውን ንፋስ ይገፈዋል። ወደ ግራ ያያሉ፣ ማንም የለም። ወደ ቀኝ ያያሉ፣ ማንም የለም። አጥሚቱ ያኔ ትዝ አለኝ።

ወንጌል ከተነበበ በኋላ ካልታመመ በቀር ከቅዳሴ የሚወጣ የለም። «ሽመልስ» አልኩት ቀስ ብዬ፣ «አንተ ውጣና አጠገባቸው ቁም። አንድ ሰው እንኳ ይዩ።»

«አሁን?»

«አሁን።»

«አሁን ብወጣ ሦስት ሌሊት አልቻለም ነው የሚሉኝ። አልወጣም» ብሎ ፊቱን ወደ መቅደሱ አዞረ። ሌላም ሰው ለመንኩ፣ ሁሉም የሽመልስን መልስ ሰጠኝ። ለሦስት ቀን እየለመንኩ ውጭ መቆም አሳፋሪ እንዲመስላቸው ያደረግሁት እኔው ነኝ።

ቅዳሴው አልቆ እትዉ በሰላም ተብሎ በሩ ሲከፈት ቀድሜ ወጣሁ። ሊቀ ትጉሃን አዘን ባሉ ዓይኖች ተቀበሉኝ።

«ልጄ፣ በጣም አዝኛለሁ» አሉኝ። «እኔ አንድን አጥቢያ የምመዝነው በግቢው ነው። ራሱን መርምሮ፣ አልበቃሁም ብሎ፣ ግን ደግሞ ቤቱ መቅረት አልሆንለት ብሎ ውጭ የሚቆም ሰው ካየሁ፣ እዚህ ንስሐ አለ፣ ካህኑም እየሠራ ነው እላለሁ። ዛሬ በግቢያችሁ ያገኘሁት በቅሎዬን ብቻ ነው።»

«ኧረ ውስጥ ነው ያለነው» አልኩ።

ልክ ነበርኩ። ሕዝቡ ከኋላዬ መውጣት ጀመረ፤ ወጥቶ ወጥቶ አላልቅ አለ። የሊቀ ትጉሃን ቅንድብ ወደ ላይ እየወጣ ጥምጥማቸው ሥር ሊደበቅ ደረሰ።

«ይሄ ሁሉ ሰው ዛሬ ንጹሕ ነበር? ባልም ሚስትም? ሽማግሌም ሙሽራም?» ብለው ጠየቁ። ሰዉ ነጠላውን እየሳበ አፉን ሸፈነ። ወደ መምሬ ጥላዬ ዞሩ። «መምሬ፣ እርስዎ የንስሐ አባታቸው ነዎት። ይህ ሕዝብ እንዲህ ነው?»

ከመምሬ ጥላዬ አንዲት ቃል በቂ ነበረች። ግን እሳቸው ስለእኛ ከሁሉ ሰው የበለጠ የሚያውቁ፣ ስለእኛ አንዲት ቃል መተንፈስ የማይችሉ ሰው ናቸው። «የእኔ ሥራ መስማት ነው» ብለው መስቀላቸውን በጨርቁ ጠቀለሉ።

«እንግዲያውስ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ሊቀ ትጉሃን። «በዚህ ብርድ እንዲህ የበቃ ሕዝብ አይቼ አላውቅም። ጻድቃን ናችሁ። ለጻድቃን ካህን ሥራ የለውም። ቀየት ኃጢአተኛው ብዙ ነው፣ ሥራ በዝቶባቸዋል። መምሬን እዚያ ብንልካቸው ይጠቅማሉ።» ይቀልዱ ይሁን ከምራቸው፣ እስካሁን አልለየሁም።

 አንዳንዱ ሰው የምሩን ዓይኑ ውሃ ሞላ።  በጽድቅ የተከሰሰ ሰው እንዴት እንደሚከላከል ማንም አልተማረም። ከሴቶቹ መሐል የጋሼ ወርቁ ባለቤት እትዬ በለጡ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ወደፊት ወጡ።

«ሊቀ ትጉሃን፣ እዚህ ጻድቅ የለም» አሉ። «ይሄ ባለቤቴ በየሳምንቱ ጥድ ሥር ቆሞ ሰው ሲያደንቀው ይውላል። ውጭ የሚያስቆመው ነገር ካበቃ ስንት ዘመኑ። እኔ ውስጥ እየገባሁ ላስቀድስ ስለው፣ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ከለከለኝ። በማርያም፣ ይሄ ኃጢአት ካልሆነ ምን ኃጢአት አለ?»

ሳቁ ካቡን ሊያፈርሰው ምንም አልቀረው። ጋሼ ወርቁ በርኖሳቸው ውስጥ ገብተው ጠፉ። ሽመልስ ይህን ሲያይ ድፍረት አገኘ መሰለኝ፣ «እኔም ሐሙስን ብቻ ነው የቻልኩት» አለ፤ ሙሽሪት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለችው። ከዚያ በኋላ ተራ መጠበቅ ቀረ። አንዷ የጎረቤቷን ዶሮ እንቁላል ስትሰበስብ እንደኖረች ተናገረች። አንዱ ለልቅሶ ብሎ ወጥቶ ጠጅ ቤት እንደዋለ አመነ። ሁሉም «እኔም»፣ «የእኔ ይብሳል» እያለ ሲጮህ፣ ጋሼ ወርቁ ከበርኖሳቸው ወጡ። በሚስታቸው ነገር መሳቂያ ከመሆን ይልቅ ኃጢአተኛ መባል የተሻላቸው ይመስለኛል።

«በዚያን ጊዜ ጓሳ ለግጦሽ ተዘግቶ ሳለ ሌሊት የገቡት በጎች የእኔ ናቸው» አሉ።

ይህ ቀልድ አልነበረም። ጓሳ የጋራ መሬታችን ነው፤ ተዘግቷል ከተባለ ተዘግቷል። በዚያ ነገር የተወነጀለው ደግሞ ጎረቤታቸው ተፈሪ ነበር፤ ሰው ሁሉ ያኔ አኩርፎት ከርሟል።

«አንተ ነበርክ?» አለ ተፈሪ። «ወርቁ፣ አንተ? እኔ ይሄን ሁሉ ጊዜ ፊቴን ስሸፍን?» አለና አንድ እርምጃ ቀረበ። ከዚያ ቆመ። «ደግ። የገብስ ማሳህን ድንበር ድንጋይ የገፋሁት እኔ ነኝ። ውሃ ወሰደው ያልኩህ ውሸቴን ነው።»

አሁን ጋሼ ወርቁ ከዘራ አነሡ። ዘመድ ለዘመድ ገባ። ግማሹ በጓሳው፣ ግማሹ በድንበሩ፣ አንዳንዱ በእንቁላሉ ተያያዘ። በመሐል መምሬ ጥላዬ ጽናውን አስቀምጠው መስቀላቸውን ከጨርቁ አውጥተው ገቡ። ማንንም አልተቆጡም። የጋሼ ወርቁን ክንድ ይዘው ጥዱ ሥር አስቀመጡ፣ ተፈሪን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡ፣ ሁለቱ መሐል ራሳቸው ተቀመጡ። ምን እንዳሉ አልሰማሁም። ሁለቱም ሲያለቅሱ ግን አየሁ። ተነሥተው ሲሳሳሙ፣ የቀረው ሰው ሰልፍ ይዞ ይጠብቅ ነበር።

ሊቀ ትጉሃን ይህን ሁሉ በቅሏቸው አጠገብ ቆመው አዩት። ሲነሡ፣ «መምሬ ከእናንተ ቢለዩ ትበላላላችሁ፤ ይህንኑ ወረዳ ገብቼ እነግራቸዋለሁ» አሉኝ። ትንሽ እንደሄዱ ደግሞ ዞር ብለው፣ «ሚስትህን አጥሚቱ ግሩም ነበር በልልኝ» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ሰልፉ አልቆ መምሬ ጥላዬ ብቻቸውን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እየሮጥኩ፣ «መምሬ፣ ቀሩልን፤ አይወስዱዎትም» አልኳቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ጠበቅሁ።

«ቀየት ልሂድ ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ» አሉ።

መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ።

«ደክሞኝ ነው። ወርቁ ቤት ስገባ የተፈሪን ድንበር አውቃለሁ፣ ተፈሪ ቤት ስገባ የወርቁን በጎች አውቃለሁ። አንዱ ‹መምሬ፣ ያን ሌባ እግዜር ይይልኝ› ይለኛል፣ አሜን እላለሁ። ወጥቼ ሌላው ቤት ስገባ እሱም ያንኑ ይለኛል፣ አሜን እላለሁ። ስንቱን አሜን ልበል? ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።»

አፈርኩ። መምሬን ላለማጣት ከበግ ጋር አድረናል፣ ተንቀጥቅጠናል፣ ዋሽተናል፤ እሳቸው እንዴት ናቸው ብሎ የጠየቀ ግን ከመንደሩ አንድ ሰው አልነበረም። ይህንኑ ነገርኳቸው። 

«ተወው» አሉ። «ዛሬ ሁሉም በገዛ አፉ ጣለልኝ፣ ጀርባዬ ቀለለኝ። ምን የሚያስሄደኝ አለ ከእንግዲህ።» ከዚያ ቀና ብለው በደንብ አዩኝ። «ብቻ በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ ያንተን ድምፅ አልሰማሁም። አሁን ተሸክሜ የቀረሁት ያንተን ብቻ ነው።»

ዞር ብዬ ግቢውን አየሁ። የሺ ብቻ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ኃጢአቴን ቀስ ብዬ ልናገር አልኩና፣ እሷም እንድትሰማ ጮክ ብዬ ጀመርኩ።